ከምስሉ ሥር የጻፍሽው

ለእህቴ ልጅ ለእፀገነት፤

ከጉና ሥር ተነስቶ እስካለሽበት ከተማ ያለውን ተራራና ባሕር ሁሉ የሚሻገር ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ በገባ ቁጥር የሚይዝሽ ያ ጉንፋን ስፔን ድረስ ተከተለሽ ወይስ እሱ ቪዛ ተከለከለ? ጾሙን እንዴት ያዝሽው፣ ፋሲካንስ ከማን ጋር ፈሰክሽ? ሥራው አይከብድሽም? ምግብሽን በሰዓቱ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልጅነትሽ አንድ እጅሽ ደብተር ላይ ሆኖ በሌላው ትጎርሻለሽ?

እኛ ሁላችንም ተመስገን ደህና ነን። እናትሽ የሺ ያሰቃያት የነበረው የጉልበት ሕመም ከፋሲካ ወዲህ ተሽሏት ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። ባለቤቴ ዝናሽም ደህና ናት፤ እኔን የመቆጣት አቅሟ እንደ ድሮው ነው። እኔ በአካል ደህና ነኝ። በአካል ማለቴን ልብ በይው፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። እኔው በጣቴ እየዳሰስኩ፣ ስልኬ እያንዳንዱን ፊደል እየጠራልኝ፣ አራት ቀን ፈጅቼበታለሁ። በድምፅ ቀድቼ ልልክልሽ ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን ድምፄን ከእንግዲህ በቀላሉ ለመስጠት ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ እስክደርስበት ድረስ የአገር ቤቱን ወሬ ላጫውትሽ።

ሱቄ ያው መናኸሪያው አጠገብ ነው። ራዲዮ የሚያሠራው ሰው እየቀነሰ ስልክ የሚያሠራው እየበዛ ሄዷል። የተበላሸውን በጆሮዬና በጥፍሬ ፈልጌ አገኛለሁ፤ በካውያ መበየዱን ደግሞ ዝናሽ ተምራ ከእኔ በልጣለች። ሰው ግን አሁንም «የኔታ» ማለቱን አልተወም። ያገራችን ሰው ዓይነ ስውር ባየ ቁጥር የቅኔ መምህር ያገኘ ይመስለዋል። እኔ ከራዲዮ ሆድ በቀር የተማርኩት ነገር እንደሌለ ብነግራቸውም «የኔታ ትሕትናቸው» ብለው ይብስባቸዋል።

በቀደም የጋፋቱ ሙላቴ ራዲዮኑን ይዞ መጣ። ጠግኜ ስሰጠው ባርኔጣውን አውልቆ «የኔታ፣ እስቲ ይባርኩኝ» አለ። አንቺ ታውቂኛለሽ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣልኝ አላልፍም። እጄን ራሱ ላይ ጭኜ፣ ድምፄን እንደ ቄስ አወፍሬ «ቦቶን ሲን ኖምብሬ፣ ኢማሄን ሲን ዴስክሪፕሲዮን» አልኩት። ሦስት ጊዜ አሜን ብሎ፣ ወደ ኋላው እየሄደ ወጣ። በሳምንቱ ጎረቤቱን እሸቴን አስከትሎ ተመለሰና «ያችን የግዕዝ ቃል ለእሱም ይበሉለት፤ ላሜ ከዚያ ወዲህ ወተት ጨምራለች» አለኝ። ዝናሽ ሳቋን ለመደበቅ ጓዳ ገብታ ከበሮ እስክትመስል ተንከተከተች።

ያ ግዕዝ ከየት እንደመጣ አንቺ ታውቂያለሽ። ስም የሌለው ቁልፍ፣ መግለጫ የሌለው ምስል። ባለፈው ጥቅምት ደውለሽ፣ የምትሠሪበት ድርጅት የስልክና የኮምፒዩተር ገጾችን ዓይነ ስውር ያለ ሰው እርዳታ እንዲጠቀምባቸው አድርጎ እንደሚያሰናዳ፣ ነገሩም በአማርኛ ተደራሽነት እንደሚባል አስረዳሽኝ። ከዚያ «አጎቴ፣ አለቆቼ ከሌላ ሰው አፍ መስማት ሰልችቷቸዋል፤ የሚቸገርበት ሰው ራሱ በስፓኒሽ ሁለት ደቂቃ ቢነግራቸው ይገባቸዋል፤ ቃሉን እኔ አስጠናዎታለሁ» አልሽ። የእህቴ ልጅ ለቁም ነገር ፈለገችኝ ብዬ ያን ቀን ሱቁን ዘግቼ ዋልኩ።

እንዴት እንደተማርኩ አንቺ የምታውቂው ግማሹን ነው። «አክሴሲቢሊዳድ» የምትለዋ ቃል ብቻዋን እንደ ይፋግ መንገድ ረዝማብኝ አንድ ሳምንት ሙሉ መሐሏ ላይ ስቀር ሰነበትኩ። ለነገሩ ይፋግ ስሄድም ሚኒባስ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ሳነበንብ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «ጸሎት ላይ ናቸው፣ አትግፏቸው» ብላ ሰፊ ቦታ አስለቀቀችልኝ። ቤት ደግሞ ስልኬ ላይ ስፓኒሽ የምታነበዋ ሴት ከጠዋት እስከ ማታ ስታወራ ዝናሽ «ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ ልውጣ» ማለት ጀመረች። «ፑዌዶ አሴርሎ ሶሎ» የሚለውን ግን ወደደችው፤ ብቻዬን ላደርገው እችላለሁ ማለት ነው ብዬ ስተረጉምላት «እንግዲያውስ ልብስህን ራስህ እጠበው» አለችኝ።

የማታውቂው ግማሽ ይህ ነው። አንቺ የሰጠሽኝን አሥራ አምስት አረፍተ ነገር በኅዳር ጨርሼ ነበር። ከዚያ በድብቅ ቀጠልኩ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስሰማቸው የኖርኳቸውን ታሪኮች በስፓኒሽ የሚያነብ ድምፅ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። ታሪኩን ስለማውቀው ቃሉ ራሱ መጥቶ ቦታው ላይ ይቀመጥልኛል። መንገድ ዳር የተቀመጠውን ዓይነ ስውር፣ በመቅደሱ ደጅ ምጽዋት የሚለምነውን ሽባ፣ እየደጋገምኩ ሰማኋቸው። ሐሳቤ ወደ አገርሽ ስትመጪ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ በስፓኒሽ ልቀበልሽና በድንጋጤ ሻንጣሽን እንድትጥይው ነበር። ተንኮሌ ይኸው ነው፤ ለፍቅር ያሰብኩት ተንኮል።

በጥር ወር፣ ከአለቆችሽ ጋር በቪዲዮ በተሰበሰብንበት ቀን፣ ካሜራው ፊቴን ብቻ ያሳያል ብትይኝም ካልሲዬን ሳይቀር ቀየርኩ። ዝናሽ ስልኩን በበርበሬ ጣሳ አስደገፈችው። አንቺ መጀመሪያ ረዘም አድርገሽ ተናገርሽ፤ በፍጥነት ስለሆነ ከአሥር ቃል አንድ እንኳ አልያዝኩም። ከዚያ ተራዬ ደረሰ። ስም የሌለው ቁልፍ ስነካ ስልኬ «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» እያለ እንደሚያሾፍብኝ፣ መግለጫ የሌለው ምስል ለእኔ ባዶ ግድግዳ እንደሆነ፣ ቢስተካከል ግን ብቻዬን ላደርገው እንደምችል ነገርኳቸው። አጨበጨቡ። አንዲት ሴት አፍንጫዋን እየጠራረገች ስታለቅስ ሰማሁ። ስፓኒሼ ይህን ያህል ልብ ይነካል ወይ ብዬ ተኮፈስኩ። ለሳምንት ያህል የባጃጅ ሾፌሮቹን «አውሮፓን ያስለቀስኩት እኔ ነኝ» እያልኩ ሳስቸግራቸው ሰነበትኩ።

በመጨረሻ አንቺ ያልሰጠሽኝን አንድ አረፍተ ነገር ላክል አዘጋጅቼ ነበር። «እፀገነት ኤስ ሚ ሶብሪና»፤ እፀገነት የእህቴ ልጅ ናት። ስምሽን ጠርቼ «ኤስ» ከማለቴ ግንኙነቱ ጠፋ። ቆይተሽ ደውለሽ «ኔትወርክ ተቋርጦ ነው፣ አጎቴ፣ ግን ጨርሰው ነበር» አልሽ። አመንኩሽ። ኔትወርካችንን ታውቂዋለሽ፤ በእሱ ላይ የተባለ ሁሉ ይታመናል።

ለፋሲካ ዋዜማ በስብሰባው ላይ ያሳየሻቸውን ፋይል ላክሽልኝ። ለማስታወሻ እንዲሆነኝ መሆኑን፣ ሰኔ ውስጥ በትልቅ ጉባኤ እንደሚቀርብና ከዚያም ለሁሉ ሰው በኢንተርኔት እንደሚለቀቅ፣ ለዚህም «ሲ፣ አውቶሪሶ»፣ አዎ ፈቅጃለሁ፣ ብዬ በድምፄ እንድልክልሽ ነገርሽኝ። ደግሞም ደስ ብሎሽ «የምስሎቹን መግለጫ ሁሉ እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ» ብለሽ ጨመርሽ። ያችን የድምፅ መልእክት አስቀምጫታለሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልነግርሽም።

የዳግማ ትንሣኤ ለት ከሰዓት በኋላ፣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ፋይሉን ከፈትኩት። ዝናሽ አጠገቤ ምስር ትለቅማለች። ልታይላት፣ ልኩራራባት ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስልኬ «አንቴስ» አለች፤ በፊት ማለት ነው። ቀጥላም የምስሉን መግለጫ አነበበች። «ኡን ኦምብሬ ሲዬጎ ፒዴ ሊሞስና ኤን ላ ፑዌርታ ዴ ኡና ኢግሌሲያ»። አንድ ዓይነ ስውር ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ምጽዋት ይለምናል።

ሲዬጎ የሚለውን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሊሞስናንና ፑዌርታን ከመቅደሱ ደጅ ከተቀመጠው ሽባ ተምሬያቸዋለሁ። ከመግለጫው ቀጥሎ ደግሞ አንድ መስመር ነበር። «ቪቪያ ዴ ላ ሊሞስና፣ ሲን ፋሚሊያ»። በምጽዋት ይኖር ነበር፣ ያለ ቤተሰብ። «ሲን» ማለት «ያለ» ማለት እንደሆነ ያስያዝሽኝ አንቺ ነሽ፤ ሲን ኖምብሬ፣ ሲን ዴስክሪፕሲዮን እያልን ስንት ቀን ደገምነው። ሲን ፋሚሊያን ግን አላስጠናሽኝም ነበር። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ አረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ እንዲመልስልኝ ለስልኩ ሰጠሁት። ያው ነው። ሦስተኛው ገጽ «ዴስፑዌስ» ይላል፣ በኋላ። እኔ በካልሲና በክራባት፣ ስልክ ይዤ፣ ፈገግ ብዬ፤ ከስብሰባው በፊት ዝናሽ አንስታ የላከችልሽ ፎቶ።

ዝናሽ «ምን አለች ሴትዮህ?» አለችኝ። «ስለ አየር ጠባይ ነው፤ እዚያም ደመና ነው አሉ» አልኳት። በትዳራችን ከቀለድኩባት ቀልድ ሁሉ ሳልስቅ የተናገርኩት እሱን ብቻ ነው።

ያን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ፎቶ ማን እንዳነሳው እናውቃለን። እስቲ አብረን እናስታውሰው። ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከልክለሽ፣ እንጀራ አልወርድልሽ ብሎ፣ አልጋ ላይ ወድቀሽ ሳለ እኔ ለኪዳነ ምሕረት ተሳልኩ። «እፀገነት ከተሳካላት ደጅሽ ተቀምጬ፣ ለምኜ፣ የለመንኩትን ላንቺ አስገባለሁ» አልኳት። እናትሽ እንኳ «ወንድሜ፣ አንተ ዓይነ ስውር ነህ፤ ሌላው ሰው ስለቱን ሲያደርስ ሰው ስለት መሆኑን ያውቃል፣ አንተን ግን የእውነት ለማኝ ነው ይሉሃል» ብላኝ ነበር። ይበሉ አልኩ። ለራሴ ቢሆን አላደርገውም ነበር። በዚህች ከተማ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የታገልኩት ለማኝ እንዳልባል ነው፤ ክብሬ እሱ ብቻ ነበር፣ እሱን ነው የተሳልኩት።

የካቲት አሥራ ስድስት ቀን፣ ያረጀ ጋቢ ለብሼ፣ ጥላዬን ገልብጬ፣ «ስለ ኪዳነ ምሕረት» እያልኩ ከማለዳ እስከ ቅዳሴ መውጫ ተቀመጥኩ። አንቺ ቪዛሽን በቦርሳሽ ይዘሽ ፊቴ ቆምሽ። የስልክሽን ድምፅ ሰማሁት። ጉንጬን ስመሽ፣ እንባሽ ጢሜ ውስጥ ገብቶ፣ «አጎቴ፣ ይህን ፎቶ እስክሞት አልጥለውም» አልሽ። እውነትሽን ነው፣ አልጣልሽውም።

እፀገነት፣ ዓይኔ በፈዘዘ ጊዜ አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ሱቄ ገብተሽ በራዲዮ ሆድ ውስጥ ያሉትን የጥቃቅን ዕቃዎች ቀለም ትነግሪኝ ነበር። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ። አንድ ቀን እንኳ ቡናማውን ቀይ ብለሽኝ አታውቂም፤ ራዲዮኑ እንደሚቃጠል ታውቂያለሽ። ለማላየው ነገር ሁሉ አንቺን ማመን የጀመርኩት ያኔ ነው። ስፔን ሄደሽ ይህ ነገር ሥራ ሆነልሽ፤ ለማያዩ ሰዎች ምስሉ ላይ ያለውን በታማኝነት መንገር። አሁን እኔን ራሴን አስቀምጠሽ ቡናማውን ቀይ አልሽ። ስፓኒሹን እንደማልሰማ ስለመሰለሽ አልሽ።

ምክንያት ልፈልግልሽ ሞክሬያለሁ። አለቆችሽ በፊትና በኋላ የሚል ታሪክ ይወዱ ይሆናል። ሱቅ ያለው፣ ሚስቱ የምትቆጣው፣ በቀልድ ሰው የሚያሰለች ዓይነ ስውር አያስለቅስ ይሆናል። ለሥራሽም ይጠቅምሽ ይሆናል። አንድ በአንድ አነሳኋቸው፤ አንዱም «ያለ ቤተሰብ» የሚለውን ቃል አልተሸከመልኝም። ለማኝ መባሉን ችዬዋለሁ፤ የማያውቁኝ ሰዎች ናቸው። ያለ ቤተሰብ ብለሽ ስትጽፊ ግን ከእኔ የቀነስሽው ራስሽን ነው፤ እናትሽን ነው፤ ዝናሽን ነው። ያለቀሰችውም ሴት ለስፓኒሼ አላለቀሰችም። ይህንንም እንግዲህ ለባጃጅ ሾፌሮቹ አልነገርኳቸውም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና በእውነት መልሽልኝ። ስምሽን ጠርቼ «ኤስ» ስል ግንኙነቱን የቆረጠው ማን ነው? ኔትወርክ ከሆነ እሰየው። የአንቺ ጣት ከሆነ ግን ንገሪኝ፤ ሦስት ወር ሙሉ ኔትወርኩን ያለ ጥፋቱ ስረግመው ኖሬያለሁ፣ ይቅርታ ልጠይቀው።

ስለ ፈቃዱ፦ «ሲ፣ አውቶሪሶ» አልልም። ድምፄም ምስሌም ሰኔ ላይ እንዳለ እንዳይወጣ። ሥራሽን ላበላሽ ፈልጌ አይደለም፤ የተናገርኩት እውነት ነው፣ ስም የሌላቸው ቁልፎች አሁንም ያስቸግሩኛል፣ ቢስተካከሉ ለስንቱ ይጠቅማል። ስለዚህ ያን መስመር አጥፊና ከምስሉ ሥር ይህን አስገቢ፤ እኔው ነኝ ያሰናዳሁት። «ሚ ቲዮ ይሻው፣ ኤን ላ ፑዌርታ ዴ ላ ኢግሌሲያ። ፒዴ ፖር ሚ»። አጎቴ ይሻው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ። ስለ እኔ ይለምናል። ስፓኒሼ ስህተት ካለበት አርሚው፤ ነገሩን ግን አትንኪው። ይህን ካደረግሽ ፈቃዴን እልክልሻለሁ። ካላደረግሽ ደግሞ ድምፄንም ምስሌንም ከፋይሉ ሰርዢልኝ፤ በስፓኒሽ እንዳነብ ያስተማርሽኝ አንቺ ስለሆንሽ መሰረዝ አለመሰረዙን ራሴ አነበዋለሁ። ብቻዬን ላደርገው እችላለሁ።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም፤ ገና ነኝ። ነገር ግን ስለቱን ታስታውሺው እንደሆነ ግማሹ ይቀራል። በሰላም ከተመለሰች ከእሷ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን እንለምናለን ብዬ ነበር የተሳልኩት፤ አንቺም እሺ ብለሽ ነበር። ያ አይቀርም፤ የእኔና ያንቺ ጉዳይ ብቻ አይደለምና። አንቺም ያረጀ ነጠላ ለብሰሽ፣ ጥላውን በአንድ ወገን ይዘሽ፣ «ስለ ኪዳነ ምሕረት» ትያለሽ። ያን ቀን የሚያልፍ ሰው ፎቶ ቢያነሳንና ከሥሩ የሚጻፈውን አንቺን ቢጠይቅሽ ምን ትይዋለሽ? መልሱን አስቢበት። እኔ ጎንሽ ሆኜ እሰማለሁ።

ዝናሽን በጣም ናፍቀሻታል፤ ካውያ መያዝ ስለተማረች ስትመጪ ስልክሽን ልትፈታልሽ ዝታለች። ሙላቴና እሸቴ ስምሽን ባያውቁም ያስተማርሽኝን ግዕዝ እያከበሩ ሰላም ብለውሻል፤ የማን ላም ወተት እንደጨመረ ግን አሁን ክርክር ላይ ናቸው። አብራሽ ለምትኖረው ልጅ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ጉንፋን ሲይዝሽ ሻይ የምታፈላልሽ እሷ እንደሆነች ነግረሽኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ በያት። እናትሽ የሺ እጅግ አድርጋ ትስምሻለች። በየቀኑ «ልጄ ስለ አንተ የሠራችውን ለምን አታሰማኝም?» ትለኛለች። እኔም ኔትወርክ የለም እላታለሁ። መቼ እንደሚመጣ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

አጎትሽ ይሻው

ደብረ ታቦር
ሚያዝያ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.